አሮጌ ሃርድቶፕ ለጭቃ ስናዘጋጅ፦ የተዋጣው ብር የት ይግባ?



ዛሬ ስለ መኪና ነው የምናወራው። ከዳንግላም ከቻግኒም ያሉ ወንድሞች ባገኙን ቁጥር «ያችን አሮጌ ሃርድቶፕ በክረምት እንዴት ነው የምታንቀሳቅሷት? ምን አስገጠማችሁላት?» ይሉናል። ለእያንዳንዱ ከመደጋገም አንድ ጊዜ ዘርዘር አድርገን ብንጽፈው ይሻላል። በተለይ «ምን አስገጠማችሁላት» የምትለዋ ጥያቄ ናት ብዙ ወጣት ብሩን የሚያፈስባት።

መኪናዋ እንጅባራ ላይ ያለን የጀመዓችን ናት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የተሠራች ቶዮታ ላንድክሩዘር 75 ናት፤ ረጅሟ፣ ከኋላ ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥባት። ከጨረታ የተገዛች፣ ብዙ እጅ ያየች ናት። ባለሱቁ፣ የባጃጅ ሹፌሩ፣ ጉልት የምትቸረችረው እናት ሳይቀሩ አዋጥተውባታል። መዝገቡን የያዝነው እኛ ስለሆንን ብሩ ከማን እጅ እንደወጣ እናውቃለን። ሥራዋ ከገጠር ቀበሌ በሽተኛ ወደ ሆስፒታል ማምጣት፣ ጀናዛ ማድረስ፣ ለገጠር መድረሳ እህልና ኪታብ መውሰድ ነው።

«አዲስ ለምን አትገዙም?» የሚለን አይጠፋም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና በሚያስገባ ሰው ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ደግሞ ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል እንዳይገባ ተባለ። እንግዲህ እንደ እኛ ላለ ሰው ያለውን አሮጌ ይዞ ማሰንበት እንጂ ሌላ መንገድ የለም።

ከግዢው የተረፈችው ብር ትንሽ ነበረች። ወጣቶቻችን ደግሞ የአውስትራሊያንና የዐረብ በረሃን ቪዲዮ ሲያዩ የከረሙ ናቸው። ዝርዝር ይዘው መጡ፦ መኪናዋ ከፍ ትበል፣ 35 ኢንች ጎማ ይግባላት፣ ከፊት የብረት ግንባር፣ ከላይ ረጅም መብራት፣ ቀለሟም ድፍን አረንጓዴ ይሁን። ሸይኻችን ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው አዳመጡና «ከዚህ ውስጥ በሽተኛዋን ፈጥኖ የሚያደርሳት የቱ ነው?» አሉ። ከዚያ በኋላ ውይይቱ ሌላ መልክ ያዘ።

መጀመሪያ ብር የወሰደው ሕክምናዋ ነው። ሞተሯ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ነው፤ መካኒኮች ዋን ኤችዜድ ይሉታል። በጣም ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር ያለበት የታይሚንግ ችንጋ አለው። የጨረታ መኪና ችንጋ መቼ እንደተቀየረ የሚነግር የለም። ችንጋው መንገድ ላይ ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ የተዋጣው ሁሉ እዚያው ያልቃል። ስለዚህ ሳንጠይቅ ቀየርነው። የፍሬን ዘይቱም ተደፍቶ አዲስ ተሞላ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ ውሃ የጠጣ ዘይት ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ከእንጅባራ ወደ ቻግኒ የወረደ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ሌላው ሰው የሚዘነጋው፣ የፊት ጎማ በእርግጥ ይጎትታል ወይ የሚለው ነው። በዚህች መኪና የፊት ጎማዎቹ መሐል ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ አለ። ዓመት ሙሉ አስፋልት ላይ የዋለ መኪና መቆለፊያው ዝጎ ይደርቃል፤ ሹፌሩ ውስጥ ሆኖ ፎር ዊል አስገባሁ ይላል፣ ከፊት ግን ምንም የለም። ፈትቶ፣ አጥቦ፣ ግሪስ ቀብቶ መመለስ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ስትጠቀሙበትም ጭቃው ሳይጀምር ቆልፉት። ከተቀበራችሁ በኋላ ጉልበታችሁ ድረስ ገብታችሁ ማዞር ሌላ መከራ ነው። አስፋልት ስትደርሱ ደግሞ ከፎር ዊል አውጡት፤ የፊትና የኋላ ጎማ መታጠፊያ ላይ እኩል ስለማይዞር ማርሹን ያስጨንቀዋል።

አሁን ወደ ከፍታው እንምጣ፤ ክርክሩ የከረረው እዚህ ላይ ስለነበር።

አዊ የፈረስ አገር ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ጥር 23 ሲያከብር አደባባይ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ። ፈረስ የሚያውቅ ሽማግሌ ሊገዛ ሲሄድ ኮቴውን፣ ወገቡን፣ ትንፋሹን ነው የሚያየው። ቁመቱ ላይ የሚያፈጠው ልጅ ነው።

እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ትበልጣለች። አየሩ ሳሳ ስለሚል ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ቆላ ላይ ከነበረው ጉልበት ሩብ ሊጠጋ ያጣል። በዚህ ላይ ጎማው ከ32 ወደ 35 ኢንች ቢያድግ፣ ማርሹ ሁሉ እንደከበደ ቁጠሩት። ዳገት ላይ ፍሪስዮን ይቃጠላል። ፍጥነት መለኪያው 80 ሲያሳይ እውነተኛው ወደ 87 ይሆናል። ባሌስትራውን በሁለት ኢንች ማንሳትም ብቻውን አይመጣም፦ የፍሬን ቱቦው ያጥራል፣ የፊት ዘንጉ ይጣመማል፣ መሪው ይቅበዘበዛል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ክብደቷ ወደ ላይ መውጣቱ ነው። ከኋላ ስምንት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ጆንያ ተጭኖ፣ በዘነበ ጎባጣ መንገድ ላይ አንድ ጎማ ቦይ ውስጥ ቢገባ ከፍ ያለችው መኪና ናት የምትገለበጠው። እኛ የምንጭነው የሰው እናት ነው።

ስለዚህ ከፍታውን ባለበት ተውነው። ያረጀውን አሞርዛተር በአዲስ ቀየርን፣ የላሸቀውን የባሌስትራ ጎሚኒ ቀየርን፤ በቃ። ይህ ብቻ የተጎበጠውን ጀርባዋን ቀና አደረገው። አንዳንድ ጋራዥ የአይሱዙ ባሌስትራ አንድ ቅጠል ይጨምሩላችኋል፤ ርካሽ ነው። ባዶዋን ስትሄድ ግን እንደ ድንጋይ ትዘላለች፣ በቃሬዛ የተኛ በሽተኛም እያንዳንዷን ጉድጓድ በአጥንቱ ይቆጥራል።

ጎማውን በመጣችበት መጠን 7.50-16 አደረግን። ብዙ አይሱዙም የሚሄደው በዚሁ መጠን ነው፤ እናም የጭነት መኪና ባለበት ትንሽ ከተማ ሁሉ ጎማም ጎሚስታም አታጡም። 35 ኢንቹ ጃዊ ላይ ቢፈነዳ ግን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ልትልኩ ነው። ደግሞ ይህ ጎማ ጠባብ ነው። የእኛ ደጋ ቀይ አፈር ሲዘንብበት ላዩ ሳሙና ይሆናል፣ ሥሩ ግን ደረቅ ነው። ጠባቡ ጎማ ሳሙናውን ቆርጦ ደረቁን ይነክሳል። ወደ ጃዊ ቆላ ስትወርዱ ያለው ዋልካ ሌላ ጉዳይ ነው። ጥልቅ ነው፣ ጎማው ላይ ተጠቅልሎ ጥርሱን ይደፍነዋል። ዋልካ ከጠገበ የትኛውም ጎማ አያወጣችሁም፤ ፀሐይ እስኪያደርቀው መጠበቅ ነው።

ነጻ የሆነው ማሻሻያ ንፋስ መቀነስ ነው። ጎማ ንፋሱ ሲቀንስ መሬት የሚይዘው ክፍል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይረዝማል፣ መያዣው ይጨምራል። የእኛ ጎማ ካላማዳሪ ያለው ስለሆነ ከ40 ወደ 25 አካባቢ እናወርደዋለን እንጂ ከዚያ አናልፍም። ከዚያ ካነሰ ጎማው ቸርኬው ላይ ይሽከረከርና የካላማዳሪውን አፍ ይነቅለዋል። ካላማዳሪ የሌለው ጎማ ያላችሁ እስከ 18 እና 20 ልትወርዱ ትችላላችሁ። ንፋስ መለኪያና ፖምፓ መያዝ ግዴታ ነው፤ ንፋሱን ሳይመልስ አስፋልት ላይ የሚሮጥ ሰው ጎማውን በግሎት ያፈነዳዋል። የድሮው ቸርኬ በቀለበት የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ ስትሞሉ ከፊቱ አትቁሙ። ቀለበቱ ካመለጠ ሰው ይገድላል።

አሁን በጣም ርካሿን እንንገራችሁ። ዲፈረንሻሉ መተንፈሻ አለው፤ ከላዩ ያለች ትንሽ ቧንቧ። መኪናዋ ስትሄድ ውስጡ ይግላል። የጋለው ብረት ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ድንገት ይበርድና የውስጡ አየር ይኮማተራል፤ መተንፈሻው ውሃ ውስጥ ካለ ወይ በጭቃ ከተደፈነ ደግሞ በሲሉ በኩል ውሃ ይስባል። ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ታገኙታላችሁ፤ ሳይቀየር ከተነዳ ኩሽኔታውን ይበላዋል። መድኃኒቱ ጥቂት ሜትር የናፍጣ ጎማ ቱቦ ነው። መተንፈሻው ላይ ታስሮ ኮፈኑ ሥር ከፍ ብሎ ይሰቀላል። ለካምቢዮውም እንዲሁ አደረግን። ከሰዓት የጀመርነው ሥራ ከመግሪብ በፊት አለቀ።

የአየር መሳቢያውን ወደ ጣሪያ የሚያወጣውን ቧንቧ ብዙዎች ከላሜራ ያስበይዱታል። አላስበየድንም። አንዲት ቀዳዳ ካለው ባይኖር ይሻላል፤ ሰው ተማምኖበት ጥልቅ ይገባል፣ ውሃ ደግሞ እንደ አየር አይታመቅም፣ ሲሊንደር ከገባ ዘንግ ያጣምማል። ወንዝ ስንደርስ አንድ ሰው ዱላ ይዞ በእግሩ ይሻገራል። እሱ መቆም ካቃተው እኛም አንገባም።

ዊንችም አልገዛንም። ያለን አካፋ፣ ጠንካራ ገመድ፣ ከክሪኩ ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላና ከዚሁ ከአገራችን ቀርከሃ ያሠራነው ርብራብ ነው። ርብራቡ ጎማ ሥር ሲገባ ይሰነጣጠቃል፣ ያወጣል፤ ሲያልቅ ሌላ ይሠራል። ገመድ ስታስሩ ሻንሲው ላይ እሰሩ፣ ፓራውልት ላይ አይሁን። ሲጎተትም ሰው ከገመዱ ይራቅ፤ የተበጠሰ ገመድ እንደ ጅራፍ ነው።

ቀለሙን በተመለከተ ነጭ እንደሆነች ቀረች። በዚህ ዘመን ወታደር በሚመስል መኪና ኬላ ላይ መቆም ምን እንደሚያስከትል ማስረዳት አያስፈልግም። ቀለምም ሞተርም የቀየረ ሰው ሊብሬው ላይ ማስመዝገቡንም አይርሳ፤ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ ይጠየቅበታል።

ባለፈው ነሐሴ ከአዲስ ቅዳም ራቅ ካለ ቀበሌ ምጥ የጠናባት እህት አለች ተብሎ ከሱብሒ በኋላ ተጠራን። ንፋስ ቀንሰን፣ የፊቱን ቆልፈን፣ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብለን ደረስን። የመጨረሻው ቁልቁለት ላይ ግን ሹፌራችን ሞተሩን አጠፋና ወረደ። ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ በአንድ በኩል ወደ ገደል ተንሸራቷል። አንዳንዶቻችን እንሞክረው አልን። «ብወርድም በእሷ ክብደት አልወጣም፤ አልወርድም» አለ። የቀበሌው ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመዋት ወጡ፤ እኛም ወርደን ተቀበልናቸው። ግማሽ ሰዓት ገደማ ፈጀ። ሆስፒታል ደረሰች፣ ወለደች፣ አልሐምዱሊላህ። ከቃሬዛው በአንዱ ጫፍ የነበሩት አዛውንት መኪናዋን ዞረው አዩዋትና «ይቺ ደህና ናት፤ አልተመጻደቀችም» አሉን።

ከሰኔ በፊት የሚቀረን የፊት አክስል ሲልና ሁለት ጎማ ነው። የኋለኞቹ ጥርሳቸው አልቋል፤ መዝገቡ ላይ ያለው ብር ለአንዱ ይበቃል። ሁለተኛውን ከዐረፋ በኋላ እናያለን፣ ኢንሻ አላህ።