ቀድሞ የተናገረው ሽፋን፦ የፌላ ኩቲ ሸክላዎችና ሠዓሊያቸው

በኢትዮጵያ የካሴት ዘመን የአልበም ሽፋን በአብዛኛው የድምፃዊው ፎቶግራፍ ነበር፤ ገዢው ፊቱን አይቶ ድምፁን ይገዛል። የናይጄሪያዊው ፌላ ኩቲ ሸክላዎች ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሣሉ። ሽፋን የሙዚቀኛውን ገጽታ ያንጸባርቃል ሲባል፣ ያ ገጽታ ቀድሞ የነበረ ነው ወይስ በሽፋኑ ላይ የተፈጠረ?

ከፌላ ሽፋኖች 26ቱን የሠራው ለሚ ጋሪዮኩ ሥዕልን በራሱ ጥረት የተማረ የሌጎስ ወጣት ነበር። የመጀመሪያው ሥራው እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው «አላግቦን ክሎዝ» ሲሆን፣ ርእሱ ፌላ ታስሮበት የነበረው የፖሊስ ማቆያ የሚገኝበት ሥፍራ ስም ነው። በሥዕሉ ላይ ፌላ የተበጠሰ ሰንሰለት ከእጁ ተንጠልጥሎ ይጨፍራል። እስር ቤቱ ፈርሷል፤ የፖሊስ ጀልባ በዓሣ ነባሪ ተገልብጣለች፤ «ካላኩታ ሪፐብሊክ» ብሎ የሰየመው መኖሪያ ቤቱ ግን እንደ ዐለት ጸንቶ ቆሟል። ይህን የትኛውም ካሜራ ሊያነሣው አይችልም፤ አልተፈጸመምና።

የፌላ ዘፈኖች ብዙውን ጊዜ ከ10 ደቂቃ በላይ ይረዝማሉ። ቃል እስኪሰማ ድረስ አድማጩ ረጅም የመሣሪያ ጨዋታ ይጠብቃል፤ ሽፋኑ ግን ገና ከመደርደሪያው ላይ ሳለ ተናግሮ ጨርሷል። ስለዚህ ብዙዎች የሚያውቁት የማይበገር ፌላ ከሙዚቃው ብቻ የተገኘ አይደለም። ከፊሉ የሠዓሊው ድርሰት ነው፤ ለዘፋኙ የሚሰጠው ምስጋና ሠዓሊውን ብዙ ጊዜ ይዘለዋል።

በ1976 የወጣው «ዞምቢ» መንገዱን ይለውጣል። ያለ ትእዛዝ የማያስብና የማይራመድ ወታደርን ለሚዘልፈው ዘፈን፣ ሠዓሊው ዓሣ ነባሪ አላስፈለገውም፤ የወታደራዊ ሰልፍ ፎቶግራፎችን ቈርጦ ገጣጠመ። እዚህ ሽፋኑ ተረት መሆኑ ቀርቶ ወደ ማስረጃ ይጠጋል። የካቲት ወር 1977 ወታደሮች ካላኩታን ከበው አቃጠሉት። የሴቶች መብት ታጋይ የነበሩት የፌላ እናት ፉንሚላዮ ራንሶም ኩቲ ከመስኮት ተወረወሩ፤ በዓመቱም ዐረፉ። በቤቱ ይኖሩ የነበሩ ሴቶችም ከጥቃቱ አልተረፉም፤ ብቻውን ድል በሚያደርገው ጀግና ሥዕል ውስጥ የእነርሱ ሥፍራ የት እንደሆነ ራሱን የቻለ ጥናት የሚሻ ነው።

እንግዲህ የ1974ቱ ሽፋን ዋሽቷል ማለት ይቻል ይሆን? እንዲህ ያለው ፍርድ ሥዕልን እንደ ዜና ማንበብ ይሆናል። ነገር ግን ያንን ሸክላ በቤቱ ያኖረ የሌጎስ አድማጭ ከቃጠሎው በኋላ መልሶ ሲያየው፣ ከቀለሙ አንድም ሳይለወጥ በእጁ የያዘው ሌላ ሥዕል ነበር፤ በወረቀት ላይ የቆመው ቤት በመንገዱ ላይ ዐመድ ሆኗል። አብሮ የማይለወጥ የድምፃዊ ፎቶግራፍ ይህን ያህል ሸክም ሊሸከም መቻሉ ያጠራጥራል።

ፌላን ዛሬ በስልክ ለሚያደምጥ ሰው፣ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት የነበረው ሽፋን ጥፍር አክሏል። ዘፋኙ በዚያም መጠን ይለያል፤ የተገለበጠችው ጀልባ ግን አትታይም።