ወፏ ሞተች?

ልጄን ታውቋታላችሁ፤ አንዴ ከጠየቀች መላቀቅ የለም። ዛሬ ለንደን ናሽናል ጋለሪ ወስጃት፣ የጆሴፍ ራይት ሥዕል ፊት ተገትራ «ወፏ ሞተች?» አለችኝ።

ያ በ1768 እ.ኤ.አ. የተሣለው፣ ግድግዳ የሚያክለው። ፀጉሩ የተንጨባረረው ሊቅ ነጭ በቀቀን መስታወት ውስጥ ከቶ አየሩን በፓምፕ መጥጦባታል። አንድ እጁ ቫልቩ ላይ ነው። ከከፈተው ትተርፋለች። አጠገባችን የቆመ ሰውዬ «ሻማው እውቀት፣ ጨለማው ድንቁርና» እያለ ለጓደኛው ይተነትናል። እሺ ጋሼ! ታዲያ ያ ሁሉ ብርሃን ዓይኗን በእጇ የሸፈነችው ልጅ ላይ ምን ይሠራል? ግራ በኩል ያሉት ጥንዶችማ እርስ በርስ ሲተያዩ፣ ወፏ ትሙት ትዳን ደንታም የላቸው።

እኔ ግን ያቺን ልጅ አውቃታለሁ። የፋሲካ ዋዜማ፣ ጓሯችን፣ አባዬ ቢላውን ስሎ «እግሯን ያዢ!» ሲለኝ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ የቆምኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ ያዘ። በነጋታው ዶሮ ወጡ ሲቀርብ መላላጫው ለእሱ፣ ለእኔ ክንፍ! «ስትታረድ ያላየ አይመርጥም» አለ፤ ሁሉም ሳቀ። ሠላሳ ዓመት አለፈው፣ አሁንም ያንገበግበኛል። ወንድሜ፣ ይህን እያነበብክ እንደሆነ አውቃለሁ። መላላጫዬን!

ለነገሩ ክንፉን በላሁት። አጥንቱን ሳይቀር ጋጥኩት። ለዶሮዋ አዝኜ ነበር ብል ማን ያምነኛል?

ሥዕሉ ላይ ያለው አባትም አንድ እጁን ልጁ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ፣ በሌላው ወደ ላይ እያመለከተ «እዪ» የሚላት ይመስላል። አባዬን ቁርጥ። ክፋት የለበትም፣ ልጁ ዓለምን እንድታውቅ ይፈልጋል። እሷ ደግሞ ማወቅ አልጠላችም፤ የዋጋውን ከፋይ እያየች መማር ነው ያቃታት። ሰውዬው ድንቁርና ያለው ይህን ከሆነ አልስማማም።

ሊቁ ወፏንም ልጆቹንም አያይም። የሚያየው እኛን ነው። «ልክፈተው?» የሚለን ይመስለኛል።

ለልጄ «አልሞተችም፣ አሁን ይከፍትላታል» አልኳት።

«መቼ?»

250 ዓመት አለፈው እኮ፣ ምን ልበላት? ኧረ ሽንኩርቴ አረረ፤ ቻው።