ለሐይቅ መንገድ የሚሰናዳ ስንቅ

በነሐሴ የአምባሰል ተራሮች ጉም ሲለብሱ ሐይቅ እስጢፋኖስን መሳለም እጅግ ደስ ያሰኛል፤ ዝናሙ ግን ለመንገደኛ አይራራም። እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ ለራሴ ካፖርትና ጃንጥላ አሰናድቼ፣ የአባቴን የብራና ዳዊት በስስ ከረጢት ያዝሁ። ከገዳሙ በር ስደርስ እኔ ደኅና ነበርሁ፤ ዳዊቱ ግን ርሶ፣ በቀይ ቀለም የተጻፈው የአባቴ ስም ፈስሶ ጠፍቷል። በዚያው ገዳም የጻድቁ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል፣ በ1273 ዓ.ም. ግድም የተጻፈው፣ ከ700 ዓመት በላይ ተጠብቆ መኖሩን ሳስብ አፈርሁ።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ከበሶውና ከጋቢው አስቀድማችሁ መጽሐፉን በማኅደሩ ክተቱ፤ ላዩንም በላስቲክ ጠቅልሉ። ሴቶች ከወንዶቹ ገዳም ስለማይገቡ፣ በውጭ ለሚቆዩት እናቶችና እኅቶች ጃንጥላውን ተዉላቸው። የራሰ ልብስ በእሳት ዳር ይደርቃል፤ የጠፋ ፊደል ግን አይመለስም።