የበረሃው ፕላኔትና የዋሂል ቦኖ

ድሬዳዋ ላይ የንባብ ሰዓት ቀትር ነው። ከስድስት ሰዓት በኋላ ከዚራ ጭር ይላል፤ ሱቆች ይዘጋሉ፣ ባጃጆች ከዛፍ ሥር ይደረደራሉ፣ ሰዉም ገሚሱ ወደ በርጫ ገሚሱ ወደ እንቅልፍ ይገባል። ከተማዋ ወደ ማምሻው እንደገና እስክትነሳ ድረስ፣ ከአዲስ አበባ ለመጣና ጫት ለማይቅም እንግዳ የሚቀረው ጥላና መጽሐፍ ነው። ከያዝኳቸው መጻሕፍት ገሚሱን ያነበብኩት በዚህ ሰዓት ነው፤ የቀረውን ዋሂል።

የያዝኩት ሁለት ዓይነት ነበር፦ የሳይንስ ልብ ወለድና እውነተኛ ታሪክ። እኛ ዘንድ ሁለቱ እኩል አይከበሩም። ታሪክ፣ ግለ ታሪክና ፖለቲካ የሚያነብ ሰው ቁም ነገረኛ ይባላል። ስለ ሌላ ፕላኔት የሚያነብ ግን ገና ያልበሰለ ተደርጎ ይታለፋል። መጽሐፍ አዟሪዎች ከእጃቸው እስከ አገጫቸው ከሚቆልሉት ውስጥ አንድ የሳይንስ ልብ ወለድ ማግኘት ብርቅ ነው። ይህ ንቀት ብዙ ያሳጣን ይመስለኛል።

ዋሂል በድሬዳዋ አስተዳደር ገጠር የምትገኝ ቀበሌ ናት። ከከተማው ወጥቶ አቧራውን ተከትሎ ሲኬድ የሚያጋጥመው የማሽላ ማሳ፣ ግራር፣ ቁልቋል፣ የፍየል መንጋና አልፎ አልፎ ግመል ነው። ሰዉ ኦሮምኛና ሶማልኛ ይናገራል። እኔ ሁለቱንም ስለማልችል ከሰው ጋር የማወራው ባረፍኩበት ቤት ባለቤት፣ ሳይንስ በሚያስተምር ወዳጄ አፍ ነበር። ልጆቹ “ቲቸር” እያሉ ይጠሩታል፤ እኔንም የእሱ እንግዳ በመሆኔ ሳልሾም “ቲቸር” አሉኝ።

ከቤቱ ፈንጠር ብሎ ቦኖ አለ። ውሃ የሚለቀቅበት ሰዓት ሳይደርስ ቢጫ ጀሪካኖች ይሰለፋሉ፤ ባለቤቶቹ ጥላ ውስጥ ሆነው ወረፋቸውን ጀሪካኑ ይጠብቅላቸዋል። አንዲት እናት ተራዋ እስኪደርስ ጀሪካኗን ስታጥብ ተመለከትኩ። ከመሬት ጥቂት ጠጠር አንስታ ከተተችበት፣ አንድ ኩባያ የማይሞላ ውሃ ጨመረችበት፣ አፉን በመዳፏ ደፍና ደጋግማ ናጠችው። ጠጠሩ ከውስጥ የያዘውን አረንጓዴ ዝልግልግ ፍቆ አወጣው። እጣቢውን ግን አልደፋችውም፤ በጣሳ አድርጋ አጠገቧ ለታሰረችው ፍየል ሰጠቻት። ጀሪካኑ ሲሞላ መንገድ ላይ ጠብታ እንዳይባክን የፌስታል ቁራጭ ከክዳኑ ሥር አድርጋ አጠበቀችው።

በዚያ ሰሞን በእጄ የነበረው የፍራንክ ኸርበርት “ዱን” ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመ። አራኪስ የምትባል ዝናብ የማያውቃት ፕላኔት አለች። ፍሬመን የሚባሉት ነዋሪዎቿ የላባቸውንና የትንፋሻቸውን እርጥበት አጣርቶ መልሶ የሚያጠጣቸው ልብስ ይለብሳሉ። ሰው ሲሞት እንኳ የገላው ውሃ ለወገኑ ይመለሳል። ብዙ አንባቢ የሚያወራው ስለ ግዙፎቹ የአሸዋ ትሎችና ስለ መስፍኑ ልጅ ስለ ፖል ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። ፍሬመኖቹ በዋሻ ውስጥ ውሃ እያጠራቀሙ፣ እነሱ የማያዩትን፣ የልጅ ልጆቻቸው ብቻ የሚደርሱበትን ለምለም ምድር ያቅዳሉ። ስሌቱን የሠራላቸው ጦረኛ ወይም ነቢይ አይደለም፣ የሥነ ምህዳር ሊቅ ነው። ኸርበርትም መጽሐፉን ያበረከተው በደረቅ ምድር ላይ ለሚደክሙ የሥነ ምህዳር ባለሙያዎች ነው። ልብ ወለድ ሆኖ ለእንዲህ ያለ ሙያ የተበረከተ ሌላ መጽሐፍ አላጋጠመኝም፤ ለዚህ ብቻ እወደዋለሁ።

ሆኖም ቅሬታ አለኝ። ኸርበርት የውሃውን ሥርዓት፣ መሐላውንና ውሃ የሚለኩትን ሰዎች አጥርቶ ያሳየናል። በየጠዋቱ የሚቀዳውን፣ የሚያጥበውንና የሚሸከመውን ጉልበት ግን አያሳየንም። ዋሂል ላይ ውሃ ከሁሉ በፊት የሴቶችና የልጆች የሥራ ሰዓት ነው። ወረፋው ከረዘመ ትምህርት የሚቀርበት ልጅ አለ፣ ምሳ የሚዘገይበት ቤት አለ። ወዳጄ ታሪኩን ሳወራለት የጠየቀኝ ሌላ ነበር። “ቆይ አቦ፣ እነሱ ስንት ዘመን ውሃ ሲያጠራቅሙ ኖረው ነፃ የሚያወጣቸው የሰው አገር ልዑል ነው?” አለኝ። ጥያቄው ልክ ነው። ኸርበርት ራሱ ያሰበበት መሆኑን የምናየው እ.ኤ.አ. በ1969 በወጣው ቀጣዩ መጽሐፍ ላይ ነው፤ ልዑሉን አዳኝ ብሎ መከተል ምን ያህል ደም እንዳስከፈለ ያን ጊዜ ይነግረናል። የመጀመሪያውን አንብቦ የሚያቆም ሰው ግማሹን ብቻ ይዞ ይቀራል።

ሙቀትን በተመለከተ የኪም ስታንሊ ሮቢንሰን “ዘ ሚኒስትሪ ፎር ዘ ፊውቸር” አለ፤ እ.ኤ.አ. የ2020 መጽሐፍ ነው። ሕንድ ውስጥ ሙቀትና እርጥበት አብረው ከፍ ብለው ሕዝብ ሲያልቅ ይከፈታል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሰውነታችን የሚቀዘቅዘው ላብ ሲተን ነው። አየሩ በእርጥበት ከተሞላ ላቡ አይተንም። በረጠበ ጨርቅ የተጠቀለለ ቴርሞሜትር 35 ዲግሪ ካሳየ ጤነኛ ሰው ጥላ ውስጥ ተቀምጦም ለሰዓታት መቆየት ይከብደዋል። ድሬዳዋ ሰኔ ላይ ተራው ቴርሞሜትር 35ን ሲያልፍ ሰው የሚኖረው አየሩ ደረቅ በመሆኑ ነው፤ ላብ ቆዳ ላይ ሳይታይ ይደርቃል። ግን ላብ የሚሆን ውሃ መጠጣት ግድ ነው፤ ይህ ደግሞ መልሶ ወደ ቦኖው ይወስደናል። የሮቢንሰን የመጀመሪያ ምዕራፍ እንቅልፍ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ስብሰባ ይበዛበታል፤ ባንክ፣ ሰነድ፣ ድርድር። ብዙዎች በዚህ ይተቹታል። እኔ ግን ዓለምን የሚያድነው አንድ ጀግና ሳይሆን አሰልቺ የሚመስል የቢሮ ሥራ ነው ብሎ ለመጻፍ መድፈሩን አከብራለሁ።

የአንዲ ዊር “ፕሮጀክት ሄይል ሜሪ” ወዳጄን ከሁሉ በላይ ያስደሰተው ነው፤ ዋና ገጸ ባሕሪው የሳይንስ መምህር ነዋ! ፀሐይ እየደበዘዘች ነው፤ መምህሩ ከምድር ርቆ በስሌትና በሙከራ መፍትሔ ይፈልጋል። የፍጥነትና የጊዜ ስሌቱን ለክፍል እንደሚጠቀምበት ነገረኝ። ለእኔ ደስ የሚል ግን ስስ መጽሐፍ ነው። ሁሉ ነገር በትክክል ከተሰላ ይፈታል ይለናል፤ ምድር ላይ ያለው ውሳኔ ሁሉ ለአንዲት ሴት ሲሰጥ ማንም ብዙ አይከራከርም።

ወደ ከተማ ተመልሼ ወደ ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ወጣሁ። ስሙ ፈረንሳይኛ ነው፣ ጃርት ማለት። ከከተማዋ በስተደቡብ፣ ከደቻቱ ሸለቆ በላይ ከፍ ብሎ ገደል ላይ ይገኛል። ደቻቱን ቁልቁል እያየ የ1998 ዓ.ም.ን የሐምሌ ጎርፍ የማያስታውስ የለም፤ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ዋሻውን እ.ኤ.አ. በ1929 ለሳይንስ ያስተዋወቁት ሁለት ፈረንሳውያን ናቸው። አንዱ አንሪ ደ ሞንፍሬ፣ የቀይ ባሕር ጀብደኛና ደራሲ፣ ድሬዳዋ ላይ የዱቄት ወፍጮ የነበረው ሰው ነው። ሌላው ኢየሱሳዊው ካህንና የቅሪተ አካል ሊቅ ፒየር ቴያር ደ ሻርዳን ነው።

ቴያርን የማውቀው በሳይንስ ልብ ወለድ በኩል ነው። ፍጥረት ሁሉ እየተወሳሰበና እየነቃ ወደ አንድ የመጨረሻ ነጥብ ይጓዛል ብሎ ያምን ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ይህን እንዳያሳትም ስለከለከለችው ዋናው መጽሐፉ የወጣው ካረፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ከዚያ ወዲህ ሐሳቡን ያነሱት የሳይንስ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው። ዳን ሲመንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው “ሃይፔሪየን” ውስጥ፣ በሩቅ ዘመን ከኮከብ ኮከብ የሚዞሩ ካህናት ቴያርን ቅዱስ ብለው ይጠሩታል። በሕይወቱ ዝም በል የተባለውን ሰው ልብ ወለድ ቀድሶታል። “ሃይፔሪየን” ውስጥ ያለው የካህኑ ታሪክ በእምነትና በሥቃይ መካከል ስላለው ነገር ካነበብኳቸው ሁሉ ከባዱ ነው፤ ለሚጾምና ለሚጸልይ አንባቢም ያለ ፍርሃት እጠቁመዋለሁ።

ዋሻው ራሱ ግን ከቴያር ሐሳብ ይልቅ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነገር ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከተቆፈረው ውስጥ 4,213 የቀይና የቢጫ ቀለም ድንጋይ ቁርጥራጮች ተለይተዋል፤ ክብደታቸው 40 ኪሎ ያህል ነው። የዛሬ 40,000 ዓመት ገደማ እዚያ የነበሩ ሰዎች ድንጋዩን ፈጭተው ቀለም ያወጡ ነበር፤ ይህንንም ከአራት ሺህ ዓመት በላይ ሳያቋርጡ ይዘውት ቆይተዋል። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ከተቆፈረ አርባ ዓመት አልፎት ማለት ነው።

ከርሚት ፓቲሰን “ፎሲል ሜን” ላይ የሚተርከው እንዲህ ያለውን ትዕግሥት ነው። ስለ አርዲ ነው የሚያወራው፤ አፋር ውስጥ አራሚስ ላይ ስለተገኘችው የ4.4 ሚሊዮን ዓመት አጽም። እ.ኤ.አ. በ1994 የተመራማሪዎቹ ቡድን አባል ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ አንዲት የእጅ አጥንት አገኘ። ቡድኑ ሥራውን ለዓለም ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሌሎች ሊቃውንት “ደበቃችሁብን” እያሉ ሲወቅሱ፣ እነ ቲም ዋይትና ብርሃኔ አስፋው የሚፈረፈር አጥንት ከአፈር ይለያሉ። መጽሐፉ ስለ ሊቃውንቱ ጠብ ሲያወራ ይረዝማል። ስለ ብርሃኔ የተጻፈው ግን በወጣትነቱ በአብዮቱ ዘመን ካለፈበት መከራ ተነስቶ አገሩ ላይ የሙያው መሪ እስከሚሆን ይዘልቃል፤ ለወጣት ተመራማሪ ሁሉ መነበብ ያለበት ክፍል ነው። በጉልበታቸው እየዳሁ ኮረብታ የሚለቅሙትን ሰዎች ሳነብ፣ በየልብ ወለዱ በአንድ ምዕራፍ የሚፈታው ምስጢር ትንሽ ቀለለብኝ።

ከሁሉ መጨረሻ ያነበብኩትና ከሁሉ በላይ የማስቀምጠው የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ “መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር” ነው። ድሬዳዋ መጥቶ እሱን አለማንበብ ነውር ይመስለኛል፤ የዚህች ከተማ ነጋድራስ ነበርና። አድዋ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1886 ተወለደ። በልጅነቱ ምጽዋ ላይ በጀርመን መርከብ ተደብቆ አገር ለቀቀ፤ በርሊን ሕክምና ተማረ። ተመልሶም ምኒልክን አገለገለ፣ የምድር ባቡር ተቆጣጣሪ ሆነ፣ ከዚያ የድሬዳዋን ጉምሩክ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1919 በሠላሳ ሦስት ዓመቱ ሞተ። መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው።

ነጥቡ ይህ ነው፦ የአገር ሀብት ወርቅ ሳይሆን እውቀት ያገዘው ሥራ ነው። እውቀት የሌለው ሕዝብ ብዙ ደክሞ ያመረተውን ጥሬ ዕቃ ይሰጥና፣ እውቀት ያለው በጥቂት ድካም የሠራውን ይቀበላል፤ እንዲህ እየነገደ ይደኸያል። ይህን የጻፈው ሰው ባቡሩ ቡናና ቆዳ ጭኖ ሲወርድ፣ ጨርቅና ብረት ጭኖ ሲወጣ በየቀኑ የሚያይበት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ ለዘመኑ ሰው ከሮኬት የማያንስ ነገር ነበር። ብዙው ሰው ባቡሩን ሲያደንቅ ገብረ ሕይወት ባቡሩ ምን ይዞ እንደሚሄድና ምን ይዞ እንደሚመለስ ጠየቀ። ጥሩ የሳይንስ ልብ ወለድ ጸሐፊም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ አዲሱ መሣሪያ ሲመጣ ማን ይጠቀማል፣ ማን ይከፍላል? “ዱን” ውስጥ ያለው ቅመም እንኳ ከበረሃ ተለቅሞ ለሩቅ ባለጸጎች የሚጋዝ ጥሬ ዕቃ ነው። ኸርበርትና ገብረ ሕይወት ቢገናኙ የሚያወሩት አያጡም ነበር።

በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ይህን ጥያቄ ወደፊት ወስዶ የሚያየው ሥራ ጥቂት ነው። ፊልም ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው “ክራምብስ” በአማርኛ የሚነገር፣ ከዓለም ፍጻሜ በኋላ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚካሄድ ታሪክ ነው። ዝጎ የቀረ የጠፈር መርከብ ሰማይ ላይ ተንጠልጥሏል፤ የዛሬው የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ከበረ ቅርስ ይሸጣል። ዳይሬክተሩ ስፔናዊው ሚገል ያንሶ ነው፤ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ተጫውተውበታል። አካሄዱ ሁሉንም አያስደስትም፣ እኔን ግን ከፖርክ ኤፒክ ስወርድ ደጋግሞ ትዝ አለኝ፤ ከእኛ የሚተርፈውን ቆፍሮ የሚያወጣው ሰው ምን ብሎ ይተረጉመው ይሆን?

ከድሬዳዋ ከመነሳቴ በፊት ወዳጄ ከመጻሕፍቱ አንዱን እንድተውለት ጠየቀኝ። የመምህሩን ጀብዱ ወይም “ዱን”ን ይመርጣል ብዬ ስጠብቅ ገብረ ሕይወትን አነሳ። ልጆቹ አማርኛን እንደ ትምህርት ስለሚማሩ እየፈታ ሊያስነብባቸው የሚችለው እሱን ነው፤ የእንግሊዝኛው ልብ ወለድ ለራሱም መዝገበ ቃላት ይጠይቃል። “ያንን የበረሃ ፕላኔት ግን አቦ፣” አለኝ፣ “አንዳችሁ ልጆቹ በሚያነቡት ቋንቋ ጻፉልን። ውሃ ቀጂዎቹንም አስገቡበት።”