ያረፈ ልብ ሁሉን አይናገርም

በእኛ ቋንቋ ልብ ብዙ ሥራ አለው። ልባም ሰው እንላለን፣ ልብ አድርግ እንላለን፣ ልቤ አልተቀበለውም እንላለን። በእኛ ትምህርት ግን ልብ ከሁሉ አስቀድሞ ፓምፕ ነው። ይህ ፓምፕ ለመላው አካል ደም ሲያድል ይውላል፤ ለራሱ የሚደርሰው ደም ግን የሚመጣው ኮሮናሪ በሚባሉ ቀጫጭን ደም ቅዳዎች በኩል ነው። የእነዚህ ደም ቅዳዎች ግድግዳ ስብና ካልሲየም እየተጠራቀመበት ሲሄድ መተላለፊያው ይጠባል። የኮሮናሪ ደም ቅዳ በሽታ የምንለው ይህንኑ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ በሽታው እንዴት እንደሚመረመር ለማንሣት እወዳለሁ። ርዕሱን የመረጥኩት ፈተና ላይ ስለሚመጣ ብቻ አይደለም፤ አምና ቤታችን ገብቶ የከረመ ጉዳይ ስለሆነም ጭምር ነው።

አባባ የ61 ዓመት ጡረተኛ መምህር ናቸው። ቤታችን ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ስለሆነ ታክሲ ሲጠፋ ዳገቱን በእግራቸው ይወጡታል። አንድ ሰሞን ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሲደርሱ ደረታቸው መሐል ድንጋይ እንደተጫነበት ሆኖ ይከብዳቸው ጀመር። ቆም ሲሉ በሁለት በሦስት ደቂቃ ይለቃቸዋል። እሳቸው ነገሩን "ጨጓራዬ ነው" ብለው ዘጉት። በእኛ አገር ከአንገት በታች ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ጨጓራ ነው። በርበሬ ተዉ፣ ተልባ ጠጡ፣ ዳገቱ ግን አልተዋቸውም።

እናቴ ጨቅጭቃ ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰደቻቸው። አልጋ ላይ ተጋድመው ኢ.ሲ.ጂ. ተነሡ። ወረቀቱ "ኖርማል" አለ። "ልብዎ ምንም አልሆነም፣ በሰላም ይግቡ" ተባሉ። አባባ ያንን ወረቀት አጥፈው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ በኋላ ስለ ደረታቸው የሚያነሣባቸው ሰው ሲመጣ ወረቀቱን አውጥተው "ይኸው!" ይላሉ። እኔን ያስጨነቀኝ ሕመሙ ብቻ ሳይሆን ይህ "ይኸው" የሚሉት ነገር ነበር።

ለምን ቢባል፣ የአባባ ሕመም በመጻሕፍት ከሰፈረ ከ250 ዓመት በላይ ሆኖታል። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሄበርደን እ.ኤ.አ. በ1768 ለለንደን ሐኪሞች ባነበበውና በ1772 በታተመው ጽሑፉ፣ ሰዎች ሲራመዱ፣ በተለይም ዳገት ሲወጡና ምግብ በልተው ሲሄዱ ደረታቸውን የሚጨብጥ፣ ሲቆሙ ደግሞ የሚለቅ ሕመም እንዳለ ገልጾ አንጃይና ብሎ ሰይሞታል። ያኔ ኢ.ሲ.ጂ. የለ፣ ራጅ የለ። ሄበርደን የነበረው መሣሪያ በሽተኛውን አስቀምጦ ማዳመጥ ነው። ስለዚህ የአባባ ታሪክ አንድ ነገር ይላል፣ የአባባ ወረቀት ሌላ ነገር ይላል። ማንን እንመን?

መልሱ ያለው የልብ አሠራር ላይ ነው። ሌላው የሰውነት ጡንቻ ሥራ ሲበዛበት ከሚያልፍበት ደም የበለጠ ኦክስጅን መውሰድ ይችላል። የልብ ጡንቻ ግን ገና በዕረፍት ላይ ሳለ ከሚደርሰው ደም 70 በመቶ የሚሆነውን ኦክስጅን ወስዶ ጨርሷል። ሥራ ሲበዛበት ያለው አማራጭ አንድ ነው፤ ደሙ ራሱ መጨመር አለበት። ጤነኛ ደም ቅዳ ፍሰቱን አራትና አምስት እጥፍ ማድረስ ይችላል። የጠበበ ደም ቅዳ ይህን አይችልም። በዕረፍት ጊዜ ግን ከጥበቱ በታች ያሉት ጥቃቅን ቧንቧዎች ራሳቸውን አስፍተው ጉድለቱን ይሸፍኑለታል። ላንስ ጉልድ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1974 በውሾች ላይ ባደረገው ጥናት እንዳሳየው፣ ጥበቱ 85 በመቶ አካባቢ እስኪደርስ ድረስ የዕረፍቱ ፍሰት አይቀንስም።

የላይኛው ሰፈር ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። ሌሊት ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ የግቢያችን ቧንቧ ጥሩ አድርጎ ይወርዳል። ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ሲከፍት ግን እኛ ጋ ጠብታ ትሆናለች። ቧንቧው ሌሊትም ጠዋትም ያው ቧንቧ ነው። የተለወጠው ፈላጊው ነው። ሌሊት መጥቶ "ውሃችሁ ሙሉ ነው" ብሎ የሚጽፍ ባለሙያ አልዋሸም፤ ነገር ግን የጻፈው ስለ ሌሊቱ ነው። የአባባም ኢ.ሲ.ጂ. እንደዚሁ ነው። ያረፈ ልብ ተጠየቀ፣ ያረፈ ልብ መለሰ።

እንግዲህ ልብን ሲሠራ መጠየቅ ያስፈልጋል። አርተር ማስተር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1929 ሰዎችን ሁለት ደረጃ እያስወጣና እያስወረደ የሚመረምርበትን መንገድ አስተዋወቀ። ሮበርት ብሩስ ደግሞ በሲያትል በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ትሬድሚል ላይ የሚደረገውን፣ እ.ኤ.አ. በ1963 በስሙ የታወቀውን ሥርዓት አወጣ። በዚህ ሥርዓት በየሦስት ደቂቃው ፍጥነቱም ዳገቱም ይጨምራል። መጀመሪያ በሰዓት 2.7 ኪሎ ሜትር በ10 በመቶ ዳገት፣ ቀጥሎ 4 ኪሎ ሜትር በ12 በመቶ፣ ከዚያ 5.5 ገደማ በ14 በመቶ እያለ ይቀጥላል። ከ220 ላይ ዕድሜ ተቀንሶ ከሚቀረው የልብ ምት 85 በመቶውን መድረስ ይፈለጋል። ኢ.ሲ.ጂ.ው እየተነሣ፣ የደም ግፊቱ እየተለካ ነው ይህ ሁሉ የሚሆነው። በወረቀቱ ላይ ኤስ-ቲ የሚባለው ክፍል 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ወይም እያዘቀዘቀ ከወረደ የልብ ጡንቻ ደም እንዳነሰው ያመለክታል።

አባባን ወደ አንድ የልብ ሐኪም የወሰድናቸው ከስንት ልመና በኋላ ነው። "ወረቀት አለኝ አይደለም እንዴ?" ይላሉ። ሐኪሟ ወረቀቱን በአክብሮት ተቀብላ አየችና "አባባ፣ ይሄ ተኝተው የተነሡት ነው። እርስዎ የሚያምዎት ደግሞ ሲሄዱ ነው። ስለዚህ ሲሄዱ እንየዎት" አለቻቸው። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ክፍል ውስጥ ከተማርኩት ሁሉ አብልጬ ይዣታለሁ። ለአንድ መምህር ነገሩን በትክክል ማስረዳት በቂ ነው፤ አባባ ወዲያው ተነሡ።

ትሬድሚሉ ላይ ሲወጡ "ለካ ዳገታችንን እዚህም ሠርተውታል!" ብለው ሁሉንም አሳቁ። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ሳቁ ቀረ። ያው ድንጋይ መጣ። የልብ ምታቸው 131 ደርሶ ነበር፤ ኤስ-ቲው በሦስት ሊዶች ላይ 2 ሚሊ ሜትር ወርዷል። ምርመራው ቆመ፤ ከምላስ ሥር የሚደረግ ናይትሮግሊሰሪን ተሰጣቸውና ለቀቃቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ልንል ይገባል። የትሬድሚል ምርመራ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመና 147 ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ እንዳሳየው፣ ምርመራው በሽታው ካለባቸው 100 ሰዎች በአማካይ 68ቱን ያገኛል፤ ከሌለባቸው 100 ሰዎች ደግሞ 77ቱን "የለባችሁም" ይላል። እስቲ በቁጥር እንየው። በሽታው በ20ዎቹ ላይ ብቻ ያለባቸው 1000 ወጣቶች ትሬድሚል ላይ ወጡ እንበል። ምርመራው ከ20ዎቹ 14ቱን ያገኛል፤ ከቀሩት 980 ጤነኞች ግን 225 የሚሆኑትን በከንቱ ያስደነግጣል። አሁን ደግሞ እንደ አባባ ያሉ፣ ታሪካቸው የሚያጠራጥር 1000 ሰዎች እንውሰድና ግማሾቹ በሽታው አለባቸው እንበል። "አለ" ከተባሉት 455 ሰዎች ውስጥ 340ው እውነትም አለባቸው። "የለም" ከተባሉት 545 ውስጥ ግን 160ው አምልጠዋል ማለት ነው! መሣሪያው ያው ነው፣ ወረቀቱም ያው ነው። የውጤቱን ትርጉም የሚለውጠው ከምርመራው በፊት የተሰማው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ዳይመንድና ፎሬስተር የተባሉ ሐኪሞች ዕድሜን፣ ጾታንና የሕመሙን ዓይነት ከምርመራ ውጤት ጋር አያይዘው ያስተማሩት ይህንኑ ነው።

ምስል ሲጨመርበት ምርመራው ይጠነክራል። በስትረስ ኢኮ፣ ደም ያነሰው የልብ ግድግዳ ከጎረቤቶቹ ጋር እኩል መጨማተር ሲያቅተው በዓይን ይታያል፤ ጨረርም የለበትም። መራመድ የማይችል ሰው ዶቡታሚን ተሰጥቶት ልቡ ተኝቶ እንዲሮጥ ይደረጋል። በኒውክሌር ምርመራ ደግሞ ቴክኒሺየም-99ኤም የያዘ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጥና ደም በደንብ የደረሰበት ጡንቻ ደምቆ፣ ያልደረሰበት ደብዝዞ ይወጣል። ደም ቅዳዎችን የሚያሰፋው አዴኖሲን የሚሰጥ ከሆነ ቢያንስ ለ12 ሰዓት፣ በብዙ ቦታ ለ24 ሰዓት ቡና መጠጣት ክልክል ነው። ካፌይን አዴኖሲን የሚይዘውን ቦታ ቀድሞ ስለሚይዝበት መድኃኒቱ ሥራውን አይሠራም። በቀን ሦስት ጊዜ ቡና በሚፈላበት አገር ለምንሠራ ባለሙያዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። "ምግብ አይብሉ" ብለን ብቻ ብንሸኛቸው እናቶቻችን ቡናውን ምግብ ብለው አይቆጥሩትም።

እነዚህ ሁሉ የሚጠይቁት "ደም አንሷል ወይ?" ብለው ነው። "ቧንቧው የጠበበው የት ነው?" የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። የኮሮናሪ ደም ቅዳን ለይቶ በኮንትራስት ማሳየት የተቻለው እ.ኤ.አ. በ1958 በክሊቭላንድ ክሊኒክ፣ ሜሰን ሶንስ የአንድ በሽተኛ ዋና ደም ቅዳ ላይ ሊረጨው የነበረው ኮንትራስት ካቴተሩ ሸርተት ብሎ ቀኙ ኮሮናሪ ውስጥ ስለገባ ነው። የበሽተኛው ልብ ለጥቂት ቅጽበት ቆመ፤ አስሎ ተመለሰ። ከዚያ አጋጣሚ ካቴተር አንጂዮግራፊ ተወለደ። ዛሬ ካቴተር ልብ ድረስ ሳያስገቡ በሲቲ አንጂዮግራፊ ማየት ይቻላል። የእኛ የሙያ ድርሻ የሚከብደውም እዚህ ነው። የልብ ምት በደቂቃ ወደ 60 ካልወረደ ምስሉ ይደበዝዛል፤ በሽተኛው ትንፋሹን ካልያዘ ይበላሻል። የፈራን ሰው ሳያረጋጉ ጥሩ የልብ ምስል ማንሣት የማይታሰብ ነው።

የአባባ ኢኮ ልባቸው በደንብ እንደሚረጭ አሳየ። ሲቲው ደግሞ ከግራ በኩል ወደ ፊት በሚወርደው ደም ቅዳ ላይ ጥበት አገኘ፤ የግራው ግንድ ግን ንጹሕ ነበር።

ቤታችን የታመሰው ከዚህ በኋላ ነው። አሜሪካ ያለችው አክስቴ ደውላ "ቤቱ ተሽጦም ቢሆን ውጭ አገር ሄዶ ስቴንት ይግባለት፣ ወንድሜን በድህነት አትግደሉብኝ!" ብላ አለቀሰች። እናቴ ደላላ ልታነጋግር ተነሣች። ሐኪሟ ግን አስቀምጣን አስረዳችን። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ኢስኬሚያ የተባለው ጥናት፣ በምርመራ መካከለኛ ወይም ከባድ የደም እጥረት የታየባቸውን 5179 ሰዎች በሁለት ከፍሎ ተከታትሏል። ግማሾቹ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ወዲያው ለስቴንት ወይም ለቀዶ ሕክምና ተላኩ፣ ግማሾቹ በመድኃኒት ተጀመሩ። በሞትና በልብ ጥቃት በኩል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም፤ ሕመሙ ቶሎ ቶሎ ይመጣባቸው የነበሩት ግን ከስቴንት በኋላ የተሻለ እፎይታ አግኝተዋል። ጥናቱ የግራው ግንድ የጠበበባቸውን፣ ልባቸው በጣም የደከመባቸውንና በቅርቡ ድንገተኛ የልብ ጥቃት የደረሰባቸውን አላካተተም። አባባ ከእነዚህ ከአንዳቸውም አልነበሩም። "ስለዚህ በመድኃኒት እንጀምር። ሕመሙ ከበዛ ወይም ተቀምጠው ከመጣ ያን ጊዜ ሌላ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ሳይቆዩ ድንገተኛ ክፍል ይመጣሉ" አለች።

አባባ ዝም ብለው ሰምተው "ቤቱ አይሸጥም" አሉ። አክስቴ አሁንም አኩርፋናለች። እኔ ግን ይህ ውሳኔ በድፍረት የመጣ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ትሬድሚሉ፣ ኢኮውና ሲቲው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጥያቄ መልሰው ነው እዚያ የደረስነው። ከመካከላቸው አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወይ በከንቱ ተረጋግተን፣ ወይ በከንቱ ቤት ሸጠን ነበር። አባባ አሁን አስፕሪናቸውን፣ የኮሌስትሮልና የልብ ምት መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ነው። ዳገቱን በዝግታ፣ አንዳንዴ ሳይቆሙ ይወጡታል። ሲጋራቸውን ጥለዋል፤ ይህ ከሁሉም በላይ እናቴን አስደስቷታል።

ስኮት-ኸርት የተባለው የስኮትላንድ ጥናትም ያስተማረን ተመሳሳይ ነገር ነው። 4146 የደረት ሕመምተኞች ተከፍለው ለግማሾቹ ሲቲ አንጂዮግራፊ ተጨመረላቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 እንደተገለጸው፣ በአምስት ዓመት ውስጥ በኮሮናሪ በሽታ የሞቱ ወይም ለሞት ያላደረሰ የልብ ጥቃት የደረሰባቸው ሲቲ ከተነሡት 2.3 በመቶ፣ ካልተነሡት 3.9 በመቶ ሆነው ተገኙ። ምስል በራሱ አያድንም። ሐኪሞቹ ያዩትን አይተው ተገቢውን መድኃኒት ለተገቢው ሰው ስለጀመሩ ነው ልዩነቱ የመጣው።

ውድ የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች፣ ነገ ማሽኑ አጠገብ የምንቆመው እኛ ነን። ሰው ከእኛ እጅ ወረቀት ተቀብሎ ኪሱ ውስጥ ይከታል፤ በዚያች ወረቀት ተማምኖም ዳገት ይወጣል። ውጤቱን የሚተረጉመው ሐኪም ቢሆንም፣ በሽተኛው ሲሄድ የሚያመው መሆኑን በጥያቄ ቅጹ ላይ ካላየን ጠይቀን መጻፍ የእኛም ሥራ ነው። "ኖርማል" የሚል ቃል በወጣ ቁጥር "ምን ተጠይቆ?" ማለትን እንልመድ።