ከኋላ የተጫነ ሞተር ሳይክል

በዚህ ሰፈር የምናውቀው ሞተር ሳይክል ሰውም ጆንያም ፍየልም የሚጭነውን ቦዳ ቦዳ ነው። ሞተር ሳይክሉ ራሱ የሚጫንበት ሀገርም አለ። በአውሮፓ አልጋ፣ ምድጃና የውሃ በርሜል ያለው መኪና፣ ማለትም በአራት ጎማ የሚሄድ ቤት፣ ከኋላው የብረት መደርደሪያ ተገጥሞለት ሞተር ሳይክል ተሸክሞ ይጓዛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቤቱ አንድ ቦታ ከቆመ በኋላ ዳቦ ለመግዛት ቤቱን ይዞ መሄድ አይመችም።

ነገሩን እንድመረምር ያስገደደኝ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። እዚሁ ካኩማ ከእኔ ክፍል ተምሮ ዛሬ ጀርመን ሀገር ይኖራል። በጸደይ አስፓራገስ የሚባለውን አትክልት ሲለቅም፣ በመስከረምና በጥቅምት ወይን ሲቆርጥ፣ ከእርሻ ወደ እርሻ ይዞራል። ለዚሁ ብሎ ከጓደኛው ጋር አሮጌ ባለ አልጋ መኪና ገዙ። «ጋሼ፣ ሞተሩን ከኋላ ልጫነው ወይስ ይቅር? በያጁ ይችላል ይለኛል» የሚል ድምፅ በእናቱ ስልክ ላከልኝ። እናቱ የሚኖሩት እሱ በሚልከው ነው። ድምፁን ካሰሙኝ በኋላ ስልኩን ሳይዘጉ፣ «መምህር፣ ይኼ ነገር መንገድ ላይ ይገለብጥብኛል?» ብለው ጠየቁኝ። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ «አይዞዎት» ማለት መልስ አይሆንም። መለኪያዎቹን እንዲልክልኝ አዘዝሁትና እርሳስ አነሣሁ።

በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለን መፈንቅልን የተማርነው በእንጨትና በድንጋይ ነበር። የዚህም መኪና ነገር ያው ነው። የኋላው ጎማ መደገፊያ ይሆናል፤ ከእሱ ወደ ኋላ የተንጠለጠለ ሸክም ሁሉ የመኪናውን ፊት ወደ ላይ ያነሣል። አህያ የጫነ ሰው ያውቀዋል፤ ዳገት ላይ ጭነቱ ወደ ኋላ ሲሸሽ የፊት እግሯ መሬት መጨበጥ ያቅተዋል።

የልጁ መኪና ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 4 ሜትር ነው። ባዶውን ሲመዘን ከፊት 1480፣ ከኋላ 1720፣ በድምሩ 3200 ኪሎ። ሞተር ሳይክሉ 110፣ መደርደሪያው 40፣ ባንድነት 150 ኪሎ ሆነው ከኋላው ጎማ 2 ሜትር ተኩል ርቀው ይቀመጣሉ። 150ን በ2.5 አባዝተን ለ4 ብናካፍል 94 ያህል ይወጣል። ከፊት ጎማ የሚነሣው ይህ ነው። የኋላው ጎማ ታዲያ 150 ብቻ ሳይሆን 244 ኪሎ ይጨመርበታል። ፊቱ 1386፣ ኋላው 1964 ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚታለለው። መኪናው የተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት 3500 ኪሎ ስለሆነ ገና 150 ኪሎ የቀረው ይመስላል። ነገር ግን የኋላው አክስል ለብቻው ከ2000 ኪሎ በላይ እንዳይሸከም በሰሌዳው ላይ ተጽፏል። የቀረው 36 ኪሎ ብቻ ነው! አንድ ጀሪካን ውሃና አንድ ዕቃ የሞላ ሻንጣ ከኋላ ቢገቡ አለቀ። ይህም መኪናው ሲቆም ነው፤ ጉድጓድ ሲያነጥረው ባሌስትራው የሚቀበለው ከዚህ ይበልጣል።

ሌላም አለ። በአውሮፓ ከሚሠሩት ባለ አልጋ መኪናዎች እጅግ ብዙዎቹ የሚሠሩት በፊያት ዱካቶ ላይ ነው፤ የልጁም ይኸው ነው። ዱካቶን የሚስበው የፊት ጎማው ስለሆነ፣ ፊቱ ሲቀል እርጥብ ሣር ላይ ጎማው ይሽከረከራል እንጂ አይሄድም፤ በፍጥነትም ጊዜ መሪው ይቀላል። (ጥንታዊቷ ፎልክስዋገን ኮምቢ ሞተሯም የሚነዳት ጎማም ከኋላ ስለነበረ በዚህ አትታማም፤ እሷን የሚያስቸግራት የሞተሯ ክዳን በመደርደሪያው መከለሉ ነው።)

ሕጉን ባጭሩ ልናገር። ታርጋው፣ ፍሬቻውና የፍሬን መብራቱ በጭነቱ መሸፈን የለባቸውም። በጣልያንና በእስፓኝ ደግሞ ከኋላ ለተረፈ ጭነት 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ነጭና ቀይ መስመር ያለው አንጸባራቂ ሰሌዳ ይሰቀላል። አስተሳሰሩን ግን የዚህ ሰፈር ጫኝ ሁሉ ያስተምረው ነበር፤ ከአራት አቅጣጫ ወደ ታች መወጠር፣ ጥቂት ከተነዱ በኋላ ወርዶ እንደገና ማጥበቅ። አዲስ የታሰረ ጭነት ሁሉ ይላላል።

መልሴን እንዲህ ብዬ ላክሁ፤ «ሞተሩን ከመጫንህ በፊት ከኋላ ያለውን ከባድ ዕቃ ወደ ፊት አምጣ፤ ከዚያ ሁለቱን አክስል ለየብቻ አስመዝን። በያጁ የሚያውቀው ብየዳው ይይዝ እንደሆነ ነው።» ከኋላው ጎማ 1 ሜትር ርቆ የነበረውን 60 ኪሎ መሣሪያና ባትሪ ከፊት መቀመጫው ሥር አስገባው። በእኔ ስሌት ኋላው ወደ 1896 መውረድ ነበረበት፤ ሚዛኑ 1920 አለ። እናቱ የሚዛኑን ወረቀት ፎቶግራፍ በስልካቸው ይዘዋል፤ ቁጥሩንም በቃላቸው ያውቁታል። «ሰማንያ ኪሎ ተርፎታል» ይላሉ ለጎረቤት።