የጠያቂ ብርቱካን

በኮልፌ ቀራኒዮ፣ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ በሽተኛ ለመጠየቅ ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው የለም። አንድ ኪሎ ብርቱካን አንጠልጥሎ «እግዜር ይማርሽ» እያለ ይገባል። ይህ ደግ ልማድ ነውና አንነቅፈውም። ነገር ግን በዚህ ዓመት በግቢያችን የተነሣው ክርክር ብርቱካኑን ከመጠየቂያነት ወደ መድኃኒትነት ስላሸጋገረው፣ ነገሩን መመርመር ግድ ሆነብን።

የጎረቤታችን ልጅ የልብ ኦፕራሲዮን ቀጠሮ ተይዞላታል። የእድሩ ሰዎች፣ «ልቡን የተቀደደ ሰው ሳንባው ይታመማል፤ የቪታሚን ሲ መርፌ ይከላከላል ተብሏል፤ ገንዘብ እናዋጣ» አሉ። እናትዮዋም ወደ እኛ ዞረው፣ «ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ እስቲ አንብባችሁ ንገሩኝ» አሉን። እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ሆንን ሙያችን ታሪክና ግጥም ነው። ሆኖም የእናት ልመና ነውና አነበብን።

የሳንባው ፍርሃት እውነት ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ጊቦን እ.ኤ.አ. በ1953 የልብንና የሳንባን ሥራ ለመኪና ሰጥቶ ኦፕራሲዮኑን ከፈጸመ ወዲህ፣ ብዙ ልቦች የሚጠገኑት ደም በመኪና እየተዘዋወረ ነው። ሳንባው በዚያን ሰዓት ሥራ ይፈታል፤ ደሙም የመኪናውን ቱቦ ሲነካ ሰውነት ይቆጣል፤ ሕዋስን የሚጎዱ ነገሮችም ይፈጠራሉ። በኋላ ደግሞ ደረቱ የተሰፋ ሰው ሲተነፍስ ስለሚያመው ትንፋሹን ያሳጥራል። አየር ያልደረሰው የሳንባ ክፍል ይኮማተራል፤ አክታ ይጠራቀማል፤ የሳንባ ምችም ሊከተል ይችላል።

ቪታሚን ሲ እነዚያን ጎጂ ነገሮች የማብረድ ጠባይ አለው። ፍየል በገዛ ጉበቷ ትሠራዋለች፤ የሰው ልጅ ግን ከምግብ ካላገኘው ድዱ ይደማል፣ ቁስሉም አይሽርም። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ሊንድ እ.ኤ.አ. በ1747 እንዲህ የታመሙ መርከበኞችን በብርቱካንና በሎሚ ማዳኑ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን ለጎደለው ያዳነ ነገር ላልጎደለው ያድናል ማለት አይደለም። በልብ ኦፕራሲዮን በሽተኞች ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ትንንሾች ናቸው፤ ቃላቸውም አንድ አይደለም። «ቢበዛስ ምን ይጎዳል?» ለሚል ሰው ደግሞ መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመ፣ ኢንፌክሽን ክፉኛ የጣላቸው 872 ሰዎች የተካፈሉበት ሙከራ አለ። የሞቱት ወይም የሰውነት ክፍላቸው ሥራ እንዳቆመ የቀረው፣ ቪታሚኑን በብዛት በመርፌ ከወሰዱት 44.5 በመቶ፣ ካልወሰዱት ግን 38.5 በመቶ ነበሩ። በሽታው ሌላ ቢሆንም ትምህርቱ ለሁሉም ነው።

እንግዲህ ሳንባን የሚጠብቀው ምንድን ነው? ሕመሙን በማስታገሻ አብርዶ በረጅሙ መተንፈስ፣ ትራስ በደረት ላይ አቅፎ መሳል፣ ሐኪሙ እንደ ፈቀደም ቶሎ ተነሥቶ መራመድ ነው። የጠያቂም ድርሻ አለበት። በሽተኛዋ ቤት ስትገባ ጠያቂ ይበዛል፤ ቡና ይፈላል፤ ከሰሉ ይጨሳል፤ ዕጣኑ ቤቱን ይሞላዋል። ጉንፋን የያዘውም ሰው «ይሉኝታ ነው» ብሎ አጠገቧ ይቀመጣል። ብርቱካን ይዞ ጢስና ሳል የሚጨምር ጠያቂ በቀኝ ሰጥቶ በግራ ይነጥቃል።

ለእናትዮዋ የነገርናቸው ይህንኑ ነው፤ «ብርቱካኑን ትብላ፤ ጥሬ ቃሪያም ቪታሚኑ አለው። መርፌውን ግን ሐኪሟ ካላዘዘው ይቅር» አልናቸው። የእድሩ ገንዘብም ለሐኪም ቤት መመላለሻ እንዲሆን ተስማሙ። ቡናው ውጭ ይፈላል ሲባል ግን አንዳንድ አዛውንት ተቀይመዋል።

አንባቢ ሆይ፣ ከሁሉ የሚቆጨን ሌላ ነው። የዚች ልጅ ልብ የተጎዳው በሕፃንነቷ በተደጋጋሚ ከያዛት የጉሮሮ ሕመም በመጣ የሩማቲክ ትኩሳት ነው። በአገራችን ዶክተር በላይ አበጋዝና ባልደረቦቻቸው የደከሙለት፣ በጥቁር አንበሳ ግቢ የሚገኘው የልብ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ተከፍቶ ብዙ ሕፃናትን አድኗል፤ ተራ ጠባቂው ግን ብዙ ነው። ያንን የጉሮሮ ሕመም ግን በጊዜው የተሰጠ ፔኒሲሊን ያድነዋል። ስለዚህ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ ታናሽ ወንድማችን ወይም እኅታችን ትኩሳት ይዟቸው «ጉሮሮዬን» ሲሉ ብንሰማ፣ እንጥል ቆራጭ ሳንጠራ፣ ነገም ሳንል፣ እጃቸውን ይዘን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰዳቸው።